አፋቤት ወይስ ሽሬ? ደርግን የጣለው ውጊያ የትኛው ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አባቴ ኤርትራ ውስጥ በሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አገልግሏል። ደርግ ያለቀለት አፋቤት ላይ ነው ይላል። ትግራይ የዘመተው አጎቴ ደግሞ ሽሬ ባይወድቅ ደርግ አይወድቅም ነበር ባይ ነው። ምጽዋን የሚያነሱም አሉ። ውጊያውን ትተው ሶቪየት ስለከዳን ነው የሚሉም አሉ። የቱን ልመን?»

አባትህም አጎትህም አልዋሹህም። እያንዳንዳቸው የነበሩበትን ግንባር ነው የነገሩህ። ወታደር ጦርነቱ የተወሰነው እሱ በዋለበት ሜዳ ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም። እኔ አንዱን ምረጥ ከተባልኩ ግን ከአጎትህ ጋር ነኝ። ሽሬ ነው። ምክንያቴን ለመናገር ግን ከአፋቤት መጀመር አለብኝ፤ አፋቤትን ዘሎ ሽሬን መረዳት አይቻልም።

መጀመሪያ ጥያቄውን እናጥራው። ሰሜን ውስጥ የነበረው ጦርነት አንድ አልነበረም። ሻዕቢያ የሚዋጋው ኤርትራን ነጻ አገር ለማድረግ ነበር። አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውስጥ ማን ይቀመጣል የሚለው ለእሱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ሕወሓት ደግሞ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ ኢሕዴን ከተባለው ሌላ የታጠቀ ድርጅት ጋር ኢሕአዴግን መሥርቶ መንግሥቱን ራሱን ሊለውጥ ተነሳ። ስለዚህ «ኤርትራ መቼ ከእጅ ወጣች?» ካልከኝ ጣቴን ወደ አፋቤት እቀስራለሁ። «ደርግ መቼ ወደቀ?» ካልከኝ ግን ሌላ መልስ አለኝ። የጠየቅኸኝ ሁለተኛውን ነው።

ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። በ1970 ዓ.ም. ሻዕቢያና ሌላው የኤርትራ ድርጅት ጀብሃ አብዛኛውን የኤርትራ ከተሞች ይዘው ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሻዕቢያ ምጽዋን ሊይዝ ሞክሮ ሳሊና በሚባለው የጨው ማምረቻ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው አልቆበት ተመለሰ። ሠራዊቱ የሶማሊያን ወረራ ካራማራ ላይ ከቀለበሰ በኋላ ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ። ከተሞቹን አንድ በአንድ አስለቀቀ። ከረን በኅዳር 1971 ተመለሰች። ሻዕቢያ «ስልታዊ ማፈግፈግ» ብሎ ወደ ሳህል ተራሮች ሸሸ፤ ናቅፋ ላይም ቆፍሮ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዐሥር ዓመት የምሽግ ጦርነት ነው። ትልቁ ሙከራ በ1974 ዓ.ም. የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አስመራ ድረስ ሄደው ዘመቻውን ራሳቸው መሩት። ከ100 ሺህ በላይ ሠራዊት ተሰለፈ። ናቅፋ ግን አልተያዘችም። በመጋቢት 1976 ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ሳህል የነበረው ውቃው የተባለ የመንግሥት ዕዝ በሻዕቢያ ተሰበረ። ይህ ለቀጣዩ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

ናቅፋ ፊት ለፊት ተፋጦ የቀረው ናደው የተባለው የመንግሥት ዕዝ ነው። መምሪያው አፋቤት። ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ የሚገመት ሠራዊት፣ ታንክ፣ መድፍ፣ የሶቪየት አማካሪዎች፣ ትልቅ የጥይትና የስንቅ ግምጃ ቤት ነበረው። በወረቀት ላይ ካየኸው ማንም የሚደፍረው ጦር አይደለም። ወታደሩ ግን ለዓመታት እዚያው ምሽግ ውስጥ ነው የኖረው። የቆላው ሙቀት አለ፣ የውሃ እጥረት አለ፣ ፈቃድ የለም። ከኋላው የሚመጣለት ምትክ ደግሞ በብሔራዊ ውትድርና፣ ብዙ ጊዜም በአፈሳ፣ ከገበያና ከመንገድ የተያዘ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው አፋቤትን ሲያወራ ከውጊያው ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከአንድ ወር በፊት ነው። በየካቲት 1980 መንግሥቱ አስመራ መጡ። በዚያን ጊዜ ናደው ዕዝ ምሽጉ ተገፍቶበት፣ ጉዳትም ደርሶበት ነበር። ተጠያቂ ተፈለገ። የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ። ታሪኩ ወታደሩ የሚወዳቸው፣ በረሃውንም ጠላትንም የሚያውቁ አዛዥ ነበሩ። አስበው፤ ከፊትህ የሻዕቢያ ጦር ለማጥቃት እየተዘጋጀ ነው፣ አንተ ደግሞ ያንን ግንባር ከማንም በላይ የሚያውቀውን ሰው ትገድላለህ። በቦታቸው አዲስ አዛዥ ገባ። የተረፉት መኮንኖች ትምህርቱን ወዲያው ወሰዱ፦ ምንም ነገር በራስህ አትወስን፣ ከበላይ ትእዛዝ ጠብቅ።

ይህ በሥርዓቱ ላይ የተጨመረ በሽታ ነው። በየዕዙና በየክፍለ ጦሩ አዛዡ ብቻውን አያዝም ነበር። ከጎኑ የፖለቲካ ኮሚሳር አለ። ከዚያ ሌላ የደኅንነት ሰው አለ። ሦስቱም ለየራሳቸው አለቃ ነው ሪፖርት የሚያደርጉት። ሰላም በሆነ ጊዜ ይህ ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ውጊያ ሲጀመር ግን አዛዡ «ወደኋላ ልሳብና ጦሬን ላድን» ለማለት ሁለት ምስክር ፊት መናገር አለበት። ከታሪኩ በኋላ ማን ይደፍራል?

መጋቢት 8 ቀን 1980 ሻዕቢያ በሦስት አቅጣጫ መታ። ውጊያው ሦስት ቀን እንኳ በቅጡ አልፈጀም። በጣም የሚነገረው የሕዳይ ሸለቆ ነገር ነው። በዚያ በኩል የነበረው ሜካናይዝድ ጦር ወደ አፋቤት ሲያፈገፍግ ዓድ ሽሩም ከሚባል ጠባብ በር ደረሰ። የፊተኛው ተሽከርካሪ ተመታ። ከኋላው ያለው ታንክና ካሚዮን ተደርድሮ ቀረ። ወደፊት መንገድ የለም፣ ወደ ጎን ገደል ነው። ከዚያ የመጣው የራሳችን አየር ኃይል ነው። መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ የቆመውን ሰልፍ ደበደበው። ከዚያ የተረፉ ሰዎች ሲናገሩ ከሻዕቢያ ጥይት ይልቅ የሚያማቸው ይህ ነው። አባትህ ስለዚህ ቀን ማውራት የማይወዱ ከሆነ አትጫናቸው።

አፋቤት ወደቀች። ሦስት የሶቪየት መኮንኖች ተማረኩ። ሻዕቢያ 50 ገደማ ታንክ፣ ረጅም ርቀት የሚመታ መድፍ፣ የሮኬት ማስወንጨፊያ፣ የማይቆጠር ጥይት አገኘ። እስከዚያ ቀን ድረስ የምሽግ ተዋጊ ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ ወጥቶ መደበኛ ጦርን በመደበኛ መንገድ የሚገጥም ሠራዊት ሆነ። አፋቤትን ትልቅ የሚያደርገው የሞተውና የተማረከው ሰው ብዛት ብቻ አይደለም። የመሣሪያው ሚዛን በ48 ሰዓት ውስጥ ተገለበጠ።

ታዲያ ለምን «አፋቤት ላይ አለቀ» አልልም? ምክንያቱም አላለቀም። ደርግ ደነገጠ እንጂ አልወደቀም። በዚያው መጋቢት መጨረሻ ከሶማሊያው ዚያድ ባሬ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ኦጋዴን ለዓመታት ታስሮ የነበረ ጦር ወደ ሰሜን መጣ። ከምዕራብ ኤርትራ ተሰነይን፣ ባሬንቱንና አቆርዳትን ለቆ ኃይሉን ከረን ላይ ሰበሰበ። መጥፎ ውሳኔ አልነበረም። አፋቤትን ለማስመለስ የተደረገው ሙከራ ከሸፈ፤ ግን ከረን ቆመች። ሻዕቢያ ደጋግሞ ሞከራት፤ የገባባት በ1983 ግንቦት፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ማለት ይቻላል። ከአፋቤት በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ የቆመን ግንባር «ያለቀለት» ማለት ይከብደኛል። ከረን ላይ ደማቸውን ያፈሰሱትንም መበደል ነው።

ጉዱ ያለው ትግራይ ላይ ነው።

ኤርትራ ላይ ኃይል ሲሰበሰብ ትግራይ ሳሳች። ሕወሓት ይህን አልሳተውም። በዚያው መጋቢትና ሚያዝያ ሽሬን፣ አክሱምን፣ አድዋን፣ አዲግራትን ያዘ። በ1977 ዓ.ም. ተኳርፈው የነበሩት ሻዕቢያና ሕወሓትም ታረቁ። ይህ እርቅ በእኔ ግምት ከብዙ ውጊያ ይበልጣል። ግንቦት ላይ በኤርትራና በትግራይ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ የፖሊት ቢሮው አባል ለገሠ አስፋው ሙሉ ሥልጣን ይዘው መቀሌ ገቡ። ሰኔ ላይ ሠራዊቱ ከተሞቹን መልሶ ያዘ።

ከተሞቹን ያዘ እንጂ አገሩን አልያዘም። ሰኔ 15 ቀን 1980፣ የረቡዕ ገበያ ቀን፣ ሐውዜን ከአየር ተደበደበች። በመቶዎች የሚቆጠር፣ ብዙዎች እንደሚሉት ደግሞ ከሺህ በላይ የሆነ ገበያተኛ አለቀ። ሰብአዊ ወንጀልነቱን ማንም አይስተውም። በወታደራዊ ዓይን ብቻ እንኳ ብታየው ውጤቱ ጥፋት ነው። እስከዚያ ቀን ያመነታ የነበረ ገበሬ ልጁን ለሕወሓት ሰጠ። ሠራዊቱ በከተማ ተወስኖ በዙሪያው መረጃ የሚነግረው ሰው አጣ።

ሽሬ ላይ የሰፈረው የመንግሥት ጦር 604ኛው ኮር ነው፤ ኮር ማለት ብዙ ክፍለ ጦሮችን የያዘ ትልቅ ጦር ነው። የሦስተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አካል። ካርታ ካለህ አውጣና ሽሬ እንዳ ሥላሴን ፈልጋት። ወደ እሷ የሚመጣው አንዱ መንገድ ከጎንደር ተነስቶ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ነው። ሌላው ከአስመራ በመረብ በኩል አድዋና አክሱምን አልፎ ነው። ሁለቱም መንገድ ገደልና ጠባብ በር የበዛበት ነው። አንድ ኮር በቀን የሚፈልገውን ውሃ፣ ዱቄት፣ ነዳጅና ጥይት አስበህ እነዚህን ሁለት መንገዶች ተመልከት። የጦሩ ችግር ከዚያው ይገባሃል። ሕወሓት ከ1981 መጀመሪያ ወራት አንስቶ ከተማዋን ከመምታት በፊት መንገዶቹን መታ። ኮሩን ለማገዝ የሚመጣ ጦር መንገድ ላይ እየተበላ ቀረ።

ሻዕቢያ ደግሞ በታንክና በከባድ መሣሪያ የታገዘ ጦር ላከ። አፋቤት ሽሬ ላይ የደረሰችው በዚህ መንገድ ነው። ከዓመት በፊት ሕወሓት በዋናነት ቀላል መሣሪያ የታጠቀ የእግረኛ ተዋጊ ነበር። ያለዚያ እርዳታ ምሽግ የያዘ ኮርን ፊት ለፊት መደምሰስ ይችል ነበር ብዬ አላምንም። የሁለቱ ድርጅት ሰዎች ዛሬ ድረስ ማን ማንን እንዳዳነ ይጨቃጨቃሉ። እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ መድፉ ግን ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1981 ሽሬ ወደቀች። አንድ ሙሉ ኮር ተበተነ። ከሞትና ከምርኮ ያመለጠው በቡድን በቡድን ሆኖ ወደ ጎንደር በእግሩ አዘገመ።

አሁን ከአፋቤት ጋር አወዳድር። ከአፋቤት በኋላ ጦሩ ወደ ከረን ተስቦ መስመር ሠራ። ከሽሬ በኋላ መስመር የሚሠራ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መቀሌ ያለ ውጊያ ተለቀቀች። ባለሥልጣኑም ጦሩም ወጣ። አንድ መንግሥት ተሸንፎ ከተማ ቢያጣ አንድ ነገር ነው። ሳይዋጋ አንድ ሙሉ ክፍለ ሀገር ጥሎ ሲወጣ ግን ወታደሩ፣ ሕዝቡ፣ ጠላትም የሚያነበው ሌላ ነው።

ውጤቱ ሦስት ቦታ ላይ ታየ።

አንደኛ፣ ከአዲስ አበባ በደሴና በመቀሌ አስመራ የሚገባው መንገድ ተቆረጠ። ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት፣ የአባትህ ጦር ማለት ነው፣ ከመሀል አገር በየብስ ተለየ። ስንቁም ጥይቱም በባሕር ወደ ምጽዋ፣ ወይም በአየር ወደ አስመራ ብቻ ሆነ። አባትህ ይህን ሳያስታውሱት አይቀሩም፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከኤርትራ ወደ ቤት ለፈቃድ መሄድ በአውሮፕላን ወረፋ ነበር።

ሁለተኛ፣ ትግራይ ለኢሕአዴግ ደጀን ሆነች። ከጀርባው የሚያሰጋው ጦር ስለሌለ ሙሉ ኃይሉን ወደ ደቡብ መላክ ቻለ። በ1982 ወሎን ዘልቆ ሰሜን ሸዋ ደረሰ። ደብረ ታቦርና ጉና ላይ የተደረገው ውጊያ ከባድ ነበር፤ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያይራለች። መንግሥት እዚያ በርትቶ ተዋግቷል። ግን ልብ በል፤ ውጊያው አሁን ያለው ጎንደር ውስጥ ነው። ከዓመት በፊት እኮ ተከዜ ማዶ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ከሽሬ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 8 ቀን 1981፣ መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደተነሱ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ያነሳሳቸው ምክንያት ብዙ ነው፤ ጦርነቱን በዚህ አያያዝ ማሸነፍ እንደማይቻል ማየታቸው ግን ዋናው ይመስለኛል። ሙከራው ከሸፈ። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን ገደሉ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም ከመፈንቅሉ ጋር አልተባበሩም፤ እሳቸውም ተገደሉ። አስመራ ላይ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ተገደሉ። ከዓመት እስር በኋላ በግንቦት 1982 ደግሞ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። በሐረር አካዳሚ፣ በሆለታ፣ በውጭ አገር የተማሩ፣ ሰሜንን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። በታሪኩ ዓይኔ የተጀመረው እዚህ ላይ ተጠናቀቀ ማለት ትችላለህ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጦር በቁጥር ትልቅ ነው፤ የሚያዋጋው ሰው ግን አልነበረውም።

ምጽዋን እንግዲህ በዚህ ላይ ጨምራት። የካቲት 1 ቀን 1982 ሻዕቢያ ፈንቅል ያለውን ዘመቻ ጀመረ። አስቀድሞ ከአስመራ የሚወርደውን መንገድ ቆረጠ። በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ የየብሱን ክፍል ያዘ። በፈጣን ጀልባዎች ከባሕርም መጣ። የተረፈው ጦር በድልድይ መሰል ጠባብ መንገድ ወደሚገናኙት ደሴቶች ገብቶ ተዋጋ። አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ አልሰጥም ብለው እዚያው ሕይወታቸውን አሳልፈው እንደሰጡ በሁለቱም ወገን ይነገራል። የሠራዊቱን ውጊያ ድክመት ብቻ ለሚያወራ ሰው ይህን አስታውሰው። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ መንግሥት ከአየር ደበደባት፤ ለረሃብተኛ የመጣ እህልም ተቃጠለ።

ምጽዋ በሌላ ጊዜ ብትወድቅ ከባድ ጉዳት ነበር፣ ግን የሚጠገን። የብሱ ክፍት ቢሆን በአዲግራት በኩል ስንቅ ይገባ ነበር። ሽሬ አንዱን በር ስለዘጋች ነው ምጽዋ የመጨረሻዋ በር የሆነችው። ከዚያ ወዲያ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ያለበት ሠራዊት አስመራ ዙሪያ በአንድ አየር ማረፊያ ነፍሱን አቆየ። ሻዕቢያ በመድፍ ማረፊያውን ሲመታ ያም ይቋረጣል። እንዲያም ሆኖ ደቀመሐሬ ግንባር ላይ ከዓመት በላይ ተመክቷል።

የ1983ቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ የሚያከራክር የለውም። የካቲት ላይ ኢሕአዴግ የቴዎድሮስ ዘመቻን ከፍቶ በሳምንታት ውስጥ ጎንደርንና ጎጃምን ያዘ። ቢሊሱማ ወልቂጡማ በተባለው ዘመቻ ወለጋ ገባ። በዋለልኝ ዘመቻ ደሴና ኮምቦልቻ ወደቁ። ግንቦት 13 መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ግንቦት 16 ሻዕቢያ አስመራ ገባ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር በከረን በኩል ወደ ሱዳን አመራ። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። አንዳንድ ቦታ ከባድ ውጊያ ነበር። ውሳኔ ግን አልነበረም፤ ውሳኔው ቀድሞ ተሰጥቷል።

የቀረን የሶቪየት ጉዳይ ነው። «ከዱን» የሚለው ብዙ ይሰማል፤ ከፊል እውነት አለው። ጎርባቾቭ በ1980 ክረምት ሞስኮ ላይ ለመንግሥቱ ፖለቲካዊ መፍትሔ ፈልጉ ማለታቸው የታወቀ ነው። ግን ቀኖቹን ደርድራቸው። አፋቤት ላይ መሣሪያ አልጎደለም፤ እንዲያውም ሻዕቢያን ያበለጸገው ትርፉ ነው። የጦር መሣሪያው ስምምነት እስከ 1983 የሚዘልቅ ስለነበር ሽሬ ላይም የጎደለው ታንክ አይደለም። የጎደለው ታንኩ የሚያልፍበት መንገድ፣ ጦሩን በጊዜ ሳብ አድርግ ለማለት የሚደፍር አዛዥ፣ ከምሽጉ ውጭ ወሬ የሚያቀብል ገበሬ ነው። የምሥራቅ ጀርመን እርዳታ የተቋረጠው፣ ኩባዎች የወጡት፣ መንግሥትም ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ፊቱን ያዞረው ሁሉ ከሽሬ በኋላ ነው። ሽሬ ስትወድቅ የበርሊን ግንብ ለመፍረስ ገና ዘጠኝ ወር ገደማ ይቀረው ነበር።